የቀለም ብዕር ማኅደር ከቆዳ በእጅ መስፋት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ብዕራቸውን የሚወዱ ሰዎች ማኅደሩንም በራሳቸው እጅ መስፋት ሲያምራቸው የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ብዕር የምለው ቀለም የሚሞላውን፣ ፋውንቴን ፔን የሚባለውን ነው። አንድ ነገር ከወዲሁ ልናገር፦ ጥሩ ማኅደር የሚሰፋው ለአንድ ለታወቀ ብዕር ነው። የሰው ልኬት ቀድታችሁ ከሰፋችሁ ወይ ይጠብባል፣ ወይ ብዕሩ ውስጡ እየተንከባለለ ይውላል። ከታች የምታነቡት አብዛኛው ነገር ከዚህ ይነሳል።

ብዕር ማኅደር ምን ያደርግለታል? የሸሚዝ ኪስ አይበቃውም?

የሸሚዝ ኪስ መጥፎ አይደለም። ብዕሩ ጫፉን ወደ ላይ አድርጎ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ለቀለሙም የሚስማማው እሱ ነው። ችግሩ ጎንበስ ስትሉ ሾልኮ መሬት መውደቁ ነው። ቦርሳ ውስጥ ሲሆን ደግሞ ከቁልፍ፣ ከሳንቲምና ከቻርጀር ጋር ሲፋተግ ይውላል። የብዙዎቹ ብዕሮች አካል ፕላስቲክ ወይም ላከር የሚባል አንጸባራቂ ቅብ የተቀባ ብረት ስለሆነ ቁልፍ በቀላሉ ይቧጭረዋል። ከአባት ወይም ከአያት የተረፈ ፓርከር ብዕር ቤታችሁ ካለ ክዳኑን ብርሃን ላይ አዙራችሁ እዩት። ያ ሁሉ ጭረት የመጣው እንዲህ ካለ መፋተግ ነው።

ለኛ አገር ሰው ደግሞ ነገሩ እንግዳ አይደለም። የብራና መጽሐፍ በእንጨት ገበታ ተጠርዞ፣ ድጉስ ማለትም ጌጥ የታተመበት ቆዳ ለብሶ፣ ከዚያ ማኅደሩ ውስጥ ይገባና በጠፍሩ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ማኅደሩ የሚሰፋው በዚያ መጽሐፍ ልክ ነው። መንገድ ሲሄዱም በትከሻ ይያዛል። ብዕሩ ራሱ ግን ከመቃ ይቀረጽ ስለነበር ሲያልቅ ሌላ ይቀረጻል እንጂ ማኅደር አያሻውም ነበር። የዛሬው ብዕር በደንብ ከተያዘ ለልጅ የሚተርፍ ዕቃ ነው፤ ለመጽሐፉ የተደረገው ጥንቃቄ ለእሱም ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

የትኛው ቆዳ ነው የሚሻለው?

በዕፅዋት የለፋ ቆዳ። ቆዳ በሁለት ዋና መንገድ ይለፋል። አንደኛው ከዛፍ ልጣጭ፣ ከቅጠልና ከፍሬ በሚወጣ፣ ታኒን በሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ አያቶቻችን በእምቧይ ፍሬ ሲያለፉ የኖሩትም ከዚሁ ወገን ነው። ሁለተኛው በክሮም ጨው ነው። ይኼኛው በ19ኛው መቶ ዘመን የመጣ ነው፣ ሥራው በጣም ፈጣን ስለሆነ ዛሬ በዓለም ላይ የሚመረተውን አብዛኛውን ቆዳ ይሸፍናል። የጫማችሁ ፊት፣ የጃኬታችሁ ቆዳ፣ የቦርሳችሁ ቆዳ በአብዛኛው በክሮም የለፋ ነው።

ለብዕር ማኅደር ልዩነቱ ትልቅ ነው። በዕፅዋት የለፋው ውሃ ነክሮ ሲቀረጽ የያዘውን ቅርጽ አይለቅም፣ ጠርዙም ሲታሽ እንደ እንጨት ያበራል። በክሮም የለፋው ልስልስና ተለጣጭ ነው፣ ብትነክሩትም ሲደርቅ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ልስልስ ማኅደር ቦርሳ ውስጥ ከመጽሐፍ በታች ሲገባ ይጠፈጠፋል፣ ጫናውም ቀጥታ ብዕሩ ላይ ያርፋል። መከላከያ ያልነው ነገር ጨርቅ ሆነ ማለት ነው።

ሱቅ ውስጥ እንዴት ትለያላችሁ? ቁራጩን በምላጭ ቆርጣችሁ የተቆረጠውን ጠርዝ እዩ። መሐሉ ሰማያዊ ወይም ግራጫ ከሆነ ክሮም ነው። ከላይ እስከ ታች ቡናማ ወይም የገለባ መልክ ካለው በዕፅዋት የለፋ መሆኑ አይቀርም፣ ግን ቀለም እስከ ውስጥ ከዘለቀበት ዓይን ሊታለል ይችላል። እርግጠኛ የሚያደርገው ሌላ መንገድ አለ፦ ዝገት የያዘ ሚስማር ኮምጣጤ ውስጥ አሳድሩ፣ ከዚያ ፈሳሽ አንድ ጠብታ ቁራጩ ላይ አድርጉ። በዕፅዋት የለፋ ከሆነ ወዲያው ይጠቁራል። ክሮም ከሆነ ያን ያህል አይለወጥም።

አዲስ አበባ ውስጥ የት አገኛለሁ? ውጭ ያለነውስ?

መርካቶ ነው መልሱ። ሸራ ተራ አካባቢ ለጫማ ሰሪዎች ቆዳ፣ ገበር፣ ክርና ማስቲሽ የሚሸጡ ሱቆች አሉ። እውነቱን ለመናገር እዚያ የምታገኙት ቆዳ ከአዲስ አበባና ከሞጆ ፋብሪካዎች የሚመጣ ስለሆነ አብዛኛው ክሮም ነው። ተስፋ አትቁረጡ። የውስጥ ሶል የሚሠራበትን ጠንካራ ቡናማ ቆዳ ጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ በዕፅዋት የለፋው እሱ ነው። ወፍራም ከሆነ ባለሙያው እንዲያሳሳላችሁ ለምኑት። ሙሉ ቆዳ መግዛትም አይጠበቅባችሁም። ለአንድ ብዕር ከአንድ የእጅ መዳፍ ጥቂት የሚረዝም ቁራጭ ይበቃል፣ ሰሪዎች ጋ ደግሞ ቅሪት አይጠፋም።

እግረ መንገዳችሁን ከአንድ ጫማ ሰፊ ጎን ቁጭ በሉ። ወስፌ አያያዝ ከቪዲዮ ይልቅ ከሰው እጅ ይቀላል። ቆዳ የሚያለፋውን ሰው «ፋቂ» እያልን በስድብ ስንጠራ ኖረናል፣ ያም ብዙ ሙያ አስቀርቶብናል። ሄዶ «እስቲ አሳየኝ» ማለት ክብር መስጠትም ነው።

አሜሪካ ያላችሁ ዕድለኛ ናችሁ። ሴንት ሉዊስ ያለው ሄርማን ኦክ ከ1881 ጀምሮ የሚሠራ የቆዳ ፋብሪካ ነው፣ ፔንስልቬንያ ያለው ዊኬት ኤንድ ክሬግም በዕፅዋት የሚያለፋ ነው። ታንዲ የሚባሉት የዕደ ጥበብ ሱቆች ደግሞ ትንንሽ ቁራጭ ይሸጣሉ። አውሮፓ ላላችሁ የጣሊያኗ ቶስካና ቆዳ በቀላሉ ይገኛል፣ ከእጅ ስፌት ጋር በጣም ይስማማል። እስራኤልና የባሕረ ሰላጤው አገሮች ያላችሁም ብዙዎቻችሁ ከእነዚሁ ነው የምታዝዙት።

ውፍረቱስ?

ለአንድ ብዕር ከ1.2 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር። ከ1 ሚሊ በታች ከሆነ ገበር ካልገባበት በቀር ቅርጹን አይዝም፣ ከ2 ሚሊ በላይ ከሆነ ደግሞ መታጠፊያው ላይ ይሰነጠቃል፣ ኪስም ውስጥ ይከብዳል። የውጭ ሻጮች ውፍረትን በአውንስ ይጽፋሉ፤ አንዱ አውንስ ወደ 0.4 ሚሊ ነው፣ ስለዚህ «3 እስከ 4 አውንስ» የሚለውን ፈልጉ።

ልኬቱን እንዴት ነው የማወጣው?

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ማስመሪያ ብዕሩ ላይ አጋድሞ ወርዱን ማየት አይሠራም፣ ምክንያቱም ብዕር ክብ ነው፣ ኪስ ላይ የሚይዘው ክሊፑ ደግሞ ወደ ውጭ ይወጣል።

አንድ ቀጭን የወረቀት ቁራጭ፣ አንድ ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ፣ ቁረጡ። ክዳኑ የተዘጋውን ብዕር ይዛችሁ በጣም የሚወፍርበትን ቦታ ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ ክሊፑ ያለበት የክዳኑ ክፍል ነው። ወረቀቱን ከክሊፑ በላይ አድርጋችሁ ጠምጥሙት። አትጎትቱት፣ ዝም ብሎ ይረፍ። የተደራረበበት ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉ፣ ፍቱት፣ በማስመሪያ ለኩት።

50 ሚሊ ሜትር ወጣ እንበል። ቆዳችሁ 1.2 ሚሊ ነው። ቆዳው ክብ ሲሠራ የውጪው ፊት ከውስጡ ስለሚረዝም ለውፍረቱ ወደ 4 ሚሊ ጨምሩ። ስፌቱ ከጠርዙ 4 ሚሊ ገባ ብሎ ስለሚሄድ በሁለቱም በኩል 4፣ 4 ሲሆን 8 ሚሊ። ስፌት ሁለቱን ጠርዝ ቆንጥጦ ውስጡን ስለሚያጠብ ለመተንፈሻ ሌላ 4 ሚሊ። ድምሩ 66 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ይህን መሐል ለመሐል ስታጥፉት 33 ሚሊ የሚሰፋ ኪስ ይወጣላችኋል።

ርዝመቱ ይቀላል። ላሚ ሳፋሪ የሚባለው ብዕር ሲዘጋ ወደ 14 ሳንቲ ሜትር ነው። ካዌኮ ስፖርት 10 ሳንቲ ሜትር ተኩል ብቻ ነው። ሞንብላን 149 ደግሞ ወደ 15 ይጠጋል፣ ውፍረቱም ከሁሉም ይበልጣል። ለዚህ ነው ከኢንተርኔት ያወረዳችሁት ልኬት ለእናንተ ላይሠራ የሚችለው። ኪሱን ከብዕሩ በ15 ሚሊ ያህል አሳጥሩት፣ የብዕሩ ራስ ወጣ ብሎ በሁለት ጣት እንዲያዝ። ታች ለስፌትና ለትንሽ ክፍተት 7 ሚሊ ጨምሩ። የ14 ሳንቲ ሜትር ብዕር ከሆነ 132 ሚሊ የሚረዝም ኪስ ማለት ነው። መክደኛ ካሻችሁ የኋላውን ግማሽ አርዝማችሁ ቁረጡት፤ ራሱን ዞሮ ፊት ለፊት ቢያንስ 4 ሳንቲ ሜትር ወርዶ መተኛት አለበት።

ቆዳው ላይ ከመሄዳችሁ በፊት በደብተር ሽፋን ካርቶን ሠርታችሁ ሞክሩት። በስቴፕለር ያዙትና ብዕሩን አስገቡ። ካርቶን ከቆዳ ስለሚሳሳ እዚያ ውስጥ ትንሽ ልቅ ቢል አትደንግጡ። ጠብቦ ከያዘ ግን ቆዳው ውስጥ ጭራሽ አይገባም።

ምን ምን መሣሪያ ያስፈልገኛል?

ካተር ከአዲስ ምላጭ ጋር፣ የብረት ማስመሪያ፣ ወስፌ፣ ሁለት መርፌ፣ ክር፣ ሰም፣ ብርጭቆ ወረቀት። ለመጀመሪያው ማኅደር ይህ ይበቃል። ውጭ አገር በየሱቁ የሚሸጠውን ሹካ መሳይ መብሻ ብታገኙ ቀዳዳችሁ እኩል እኩል ይሆናል፣ ባታገኙም ማስመሪያ ይዞ በየ4 ሚሊው በእርሳስ ነጥብ ማድረግ ያው ነው። ምላጩ ላይ ግን አትሰስቱ። የደነዘ ምላጭ ቆዳ ይጎትታል፣ ጠርዙ ይጣመማል፣ የተጣመመ ጠርዝ ደግሞ በኋላ በምንም አይቃናም።

የመርፌውን ጫፍ በድንጋይ ላይ አሽታችሁ አደንዝዙት። ቀዳዳውን የሚበሳው ወስፌው ነው፤ የመርፌው ሥራ ማለፍ ብቻ ነው። ስለታም መርፌ ቀድሞ ያለፈውን ክር ይወጋዋል።

ስፌቱ እንዴት ነው? ጫማ ሰፊ ጋ በማሽን ባሰፋውስ?

በማሽን መስፋት ነውር የለውም፣ ግን የእጅ ስፌት በእውነት ይጠነክራል፣ ምክንያቱም አሠራሩ ሌላ ነው። ማሽን ሁለት ክር ይጠቀማል፣ አንዱ ከላይ ሌላው ከታች፣ መሐል ላይ ይቆላለፋሉ። አንዱ ሲበጠስ ስፌቱ ተራ በተራ ይተረተራል። በእጅ ሁለት መርፌ በአንድ ክር ሁለት ጫፍ ላይ ገብቶ ሲሰፋ ግን በእያንዳንዱ ቀዳዳ ክሩ ከሁለቱም ወገን ያልፋል። አንዱ ወገን ቢበጠስ ሌላው ይዞ ይቆያል።

ለምሳሌ ከላይ ያለው ኪስ ጎኑና ታቹ ሲሰፋ 165 ሚሊ ያህል ነው። የስፌቱን አራት እጥፍ ክር ውሰዱ፣ 70 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ሰም ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ጎትቱት። የንብ ሰም ከሌለ ጧፍ አለ። ሰሙ ክሩን ቀዳዳው ውስጥ እንዲይዝ ያደርገዋል፣ እርጥበትም ይከላከላል። አንዱን መርፌ በመጀመሪያው ቀዳዳ አሳልፋችሁ ክሩን ሁለቱም ወገን እኩል እስኪሆን ሳቡ። ከዚያ በሁለተኛው ቀዳዳ የግራው መርፌ ወደ ቀኝ ያልፋል፣ ቀጥሎ የቀኙ በዚያው ቀዳዳ ወደ ግራ ይመለሳል። ሁለተኛው ሲያልፍ የመጀመሪያውን ክር ወደ ራሳችሁ ሳብ አድርጉት፣ እንዳይወጋ። ሁለቱን እኩል ሳቡ። ቀጥሉ።

ዋናው ምስጢር ቅደም ተከተሉን አለመቀየር ነው። በግራው ከጀመራችሁ እስከ መጨረሻው በግራው። አንዴ ከቀየራችሁት ክሩ እዚያች ቦታ ላይ ይጋደማል፣ ከሩቅም ይታወቃል። የኪሱ አፍ ላይ ብዕሩ ሲገባና ሲወጣ ጫና ስለሚበዛ የመጀመሪያውን ቀዳዳ ጠርዙን አዙራችሁ ሁለቴ ስፉት። መጨረሻ ላይ ሦስት ቀዳዳ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ቁረጡ። ክሩ ፖሊስተር ወይም ናይሎን ከሆነ ጫፉን በላይተር ጠጋ አድርጋችሁ አቅልጡት፣ የተልባ ወይም የጥጥ ክር ከሆነ ግን እሳት አያስፈልገውም።

ማስቲሽ ብቻ አይበቃም?

አይበቃም። ማስቲሽ ሁለቱን ጠርዝ እስክትሰፉ አጣብቆ ለመያዝ ነው። ከጠርዙ 3 ሚሊ በላይ እንዳይገባ ተጠንቀቁ፤ ኪሱ ውስጥ የቀረ ማስቲሽ ሙቀት ሲያገኘው እየተጣበቀ የብዕሩን ላከር ያበላሻል። መስኮት ከፍታችሁ ሥሩ፣ ጢሱ ለሳንባ ጥሩ አይደለም።

ቆዳውን በውሃ ነክሮ ቅርጽ ማስያዝ እንዴት ነው?

ከተሰፋ በኋላ ነው የሚደረገው። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ንከሩት፣ አረፋ ማውጣቱን እስኪያቆም። ፈጽሞ ሙቅ ውሃ አይሁን፣ በዕፅዋት የለፋ ቆዳ ሙቅ ውሃ ሲነካው ተኮማትሮ ይደርቃል፣ ከዚያ በኋላ መመለሻ የለውም። አውጥታችሁ ውሃው ከላዩ ሲጠፋና ወደ መጀመሪያ መልኩ መመለስ ሲጀምር ውስጡ ቅርጽ መስጫውን ታስገባላችሁ።

ብዕራችሁን ራሱን አታስገቡት እባካችሁ። እርጥበቱ ለክሊፑና ለወርቅ ቅቡ ጥሩ አይደለም፣ ስትጫኑትም ይቧጨራል። ከብዕሩ እኩል የሚወፍር ክብ እንጨት ፈልጉ፣ ክሊፑ በሚመጣበት በኩል በፕላስተር ቀጭን ዱላ ለጥፉበት፣ በፌስታል ጠቅልላችሁ አስገቡት። ከዚያ በአውራ ጣታችሁ ዙሪያውን ቀስ እያላችሁ ጫኑት፣ በተለይ ስፌቱ ሥር ያለውን። በጥፍር አይደለም፣ እርጥብ ቆዳ ጥፍር ሲነካው ምልክቱ ይቀራል። ይህን ጠባዩን ነው ደጓሾቹ በጋለ ብረት መስቀልና ሐረግ ለማተም የሚጠቀሙበት፣ እናንተም የፊደል ምልክት ማተም ብትፈልጉ ሰዓቱ አሁን ነው።

ጥላ ውስጥ አንድ ቀን ሙሉ ይደር። ፀሐይ ላይ ወይም ምድጃ አጠገብ አታድርቁት፣ ይሰነጠቃል።

ገበር ይግባበት?

የቆዳው ውስጥ ጎን ለስላሳና ያልበነነ ከሆነ አያስፈልግም። ጸጉር ጸጉር የሚል ከሆነ ግን ብናኙ ክዳኑ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ጫፉ ላይ ይለጠፍና ስትጽፉ መስመሩ ይወፍራል። ለገበር ከኛው የደጋ በግ ቆዳ የሚሻል አላውቅም። በዓለም ላይ ለጓንት ከሚፈለጉት ምርጥ ቆዳዎች አንዱ ነው፤ ስስ ሆኖ ጠንካራ ነው። ክሮምም ቢሆን ለገበር ችግር የለውም፣ ቅርጹን የሚይዘው የውጪው ነውና። ከ0.5 እስከ 0.6 ሚሊ ይበቃል። ገበር ስታስገቡ ያንን ውፍረት ልኬታችሁ ላይ መጨመር አትርሱ።

ውጭ አገር ገበር የምትገዙ ሰዎች አንድ ነገር ጠይቁ። ርካሹ ገበር ብዙ ጊዜ የአሳማ ቆዳ ነው። ክርስቲያኑም፣ ሙስሊሙም፣ ቤተ እስራኤሉም ብዙዎቻችን አንፈልገውም፣ ስጦታ ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው። ቀረብ አድርጋችሁ ስታዩት የጸጉሩ ቀዳዳዎች ሦስት ሦስት ሆነው ስለሚሰበሰቡ ይታወቃል።

ጠርዙን የሚያበራው ምንድን ነው?

ትዕግሥትና ማሸት። በ400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ሁለቱ ጠርዝ አንድ እስኪመስሉ ፍቁት፣ በ600 አለስልሱት። የግራር ሙጫ በውሃ አሟሙታችሁ በጣት ቀቡት፣ ከዚያ በጂንስ ቁራጭ ወይም በለስላሳ እንጨት ሙቀት እስኪሰማችሁ እሹት። ድገሙት። መጨረሻ ላይ ሰም። በክሮም የለፋ ቆዳ ግን የፈለጋችሁትን ያህል ብታሹት አያበራም፣ ጠርዙን ወደ ውስጥ አጥፎ መስፋት ይሻላል።

እርጥብ ቆዳዬ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ወጣ። ምንድን ነው?

ብረት ነክቶታል። ማስመሪያው፣ ወስፌው፣ ወይም ምላጩ ስትስሉት የቀረ ብናኝ። ቆዳው ውስጥ ያለው ታኒን ከብረት ጋር ሲገናኝ ጥቁር ይሆናል። የሚገርመው አውሮፓ ለብዙ መቶ ዓመታት የጻፈችበት ቀለም የተሠራው በዚሁ መንገድ ነው፣ ኦክ በሚባል ዛፍ ላይ ከሚበቅል እባጭ የሚወጣ ታኒንና የብረት ጨው ተቀላቅለው፣ ሙጫ ተጨምሮባቸው። ዛሬም ለቀለም ብዕር የሚሸጥ የዚህ ዓይነት ቀለም አለ። ስለዚህ ቆዳችሁ ላይ ያያችሁት ነገር በትክክል ቀለም ነው።

ሎሚ በውሃ አቅጥናችሁ በጨርቅ ጠረግ ጠረግ አድርጉት፣ ይደበዝዛል ወይም ይጠፋል። ከዚያ በንጹሕ ውሃ መላውን ፊት እኩል አርጥቡት፣ ያለዚያ የሎሚው ክብ ይቀራል። ቆዳው እርጥብ እያለ ብረት አታስጠጉበት።

ለሁለት ወይም ለሦስት ብዕር ማድረግ እችላለሁ?

ትችላላችሁ፣ ግን ብዕር ከብዕር መንካት የለበትም። በመሐላቸው ቀጭን የቆዳ ምላስ ይግባ፣ ወይም ለእያንዳንዱ የራሱን መስመር ስፉለት። ያለ መለያ ሁለት ብዕር አንድ ኪስ ውስጥ ከሚገባ ሸሚዝ ኪስ ይሻላል፣ የአንዱ ክሊፕ የሌላውን ሆድ ይቧጭራል። መዝጊያ ስትመርጡም ጠቅ የሚለውን የብረት ቁልፍ ከብዕሩ አካል ትይዩ አታድርጉት። ቆዳውን ቀድዶ ምላሱን ማሾለክ ቀላልም ነው፣ ያምራልም።

መንገድ ስሄድ ብዕሬ ማኅደሩ ውስጥ ቀለም ይተፋል። ስፌቴ ነው ችግሩ?

ስፌታችሁ አይደለም፣ አየሩ ነው። ብዕሩ ውስጥ ከቀለሙ ሌላ አየርም አለ። ከቆላ ወደ ደጋ ስትወጡ የውጪው ግፊት ይቀንሳል፣ ውስጥ ያለው አየር ይሰፋና ቀለሙን ገፍቶ ያወጣዋል። ወደ ጎጃም ስትሄዱ ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ፣ ከዚያ ወደ ደጀን መልሳችሁ ትወጣላችሁ። ስትወርዱ ምንም አይሆንም፣ አየር ወደ ብዕሩ ይገባል። ስትወጡ ነው የሚተፋው። አውሮፕላንም እንዲሁ ነው፣ ግን ለአዲስ አበባ ሰው የተገላቢጦሽ ነው። ቦሌ ራሱ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ከዚያ ስትነሱ የካቢኑ ግፊት እምብዛም አይቀንስም። የምትጠነቀቁት ከዱባይ፣ ከጅዳ ወይም ከቴል አቪቭ ስትመለሱ ነው።

መፍትሔው ብዕሩን ጢም አድርጎ መሙላት ወይም ጨርሶ ባዶ ማድረግ ነው፣ ግማሽ አይሁን። ማኅደሩም ጫፉን ወደ ላይ አድርጎ ቀጥ ብሎ የሚቆም ይሁን። ኪሱን ጠበቅ አድርገን የምንሰፋበት አንዱ ምክንያት ይኼ ነው፣ ልቅ ማኅደር ውስጥ ብዕሩ ይገለበጣል።

ቅቤ ልቀባው? ክረምት ላይስ?

ቅቤ አይሆንም። ይሻግታል፣ ይሸታል፣ ብዕሩንም ያቀባል። ሲደርቅ የጉሎ ዘይት በጨርቅ አንድ ሁለት ጠብታ፣ ከውጭ ብቻ። የጫማ ቀለም አትጠቀሙ፣ ወደ ውስጥ ዘልቆ ነጣ ያለውን ብዕር ያቆሽሻል። ደማቅ ቀለም የተነከረ ቆዳ ከገዛችሁም ነጭ እርጥብ ጨርቅ አሹበትና እዩ፤ ጨርቁን ካቀለመ ብዕሩንም ያቀልማል።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነጭ ሻጋታ ካያችሁ ደረቅ ጨርቅ ይበቃዋል፣ ከዚያ ነፋስ ይንካው። መሳቢያ ውስጥ በፌስታል ጠቅልሎ ማስቀመጥ ነው የሚያሻግተው።

የድሮ ብዕር አለኝ። የተለየ ጥንቃቄ አለ?

አለ። ከ1920ዎቹ እስከ 1940ዎቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከተሠሩት ብዕሮች ብዙዎቹ ሴሉሎይድ ከሚባል የድሮ ፕላስቲክ የተሠሩ ናቸው። ሴሉሎይድ በራሱ ጊዜ ጋዝ ያወጣል፣ ታፍኖ ከተቀመጠ ያንኑ ጋዝ መልሶ እየበላው ይሰነጠቃል። ለእሱ አፉ ክፍት የሆነ ማኅደር ስፉለት። ክዳኑ ወይም አካሉ ብር የሆነም ቆዳ ውስጥ ለወራት ሲቀመጥ ይጠቁራል፤ ለመንገድ ተጠቀሙበት እንጂ ማደሪያው አታድርጉት። ፓርከር 51 ላይ ግን አትጨነቁ፣ ጠንካራ ነው፣ ከ1941 ጀምሮ የተሠሩት ዛሬም የሚጽፉ አሉ።

ለሰው ስጦታ ልሰፋ ነው፣ ብዕሩ ግን እኔ ጋ የለም። የሞዴሉን ስም ማወቅ ይበቃል?

ለርዝመት ይበቃል፣ ለዙሪያ አይበቃም። አንዳንድ ሞዴል በየዘመኑ ልኩ ተቀይሯል፣ ክሊፑም እንዲሁ። የቤት ሰው ካለ በስልክ ለምኑ። «እትዬ፣ የጋሼን ብዕር ክዳኑን ዘግተው በወረቀት ጠምጥመው ይለኩልኝ» ብትሏቸው ደቂቃ አይፈጅም። ወረቀቱን ማስመሪያ ላይ አስተኝተው ፎቶ አንስተው በቴሌግራም ይላኩላችሁ። ከክሊፑ በላይ መጠምጠማቸውን ግን ደግማችሁ ጠይቁ፣ ብዙ ሰው ክሊፑን ትቶ ነው የሚለካው።